ከቃሬዛ እስከ ታላቁ ሩጫ

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ሰው በጠና ሲታመም መጀመሪያ የሚታሰበው መኪና አይደለም፤ ቃሬዛ ነው። ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ አጣናዎች በገመድ ይያያዛሉ፣ ቁርበትና ጋቢ ይነጠፍባቸዋል፣ በሽተኛው ይተኛል፣ ፀሐይ ፊቱን እንዳይመታው ጥላ ይያዝለታል። አራት ሰው በአራቱ ጫፍ ይሸከማል። ሌሎቹ ከኋላና ከጎን እየተከተሉ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ዳገት ላይ የአንዱ ትከሻ መዛል ሲጀምር «አምጣ፣ እኔ ልያዝ» የሚለው ሰው ቀድሞ ከጎኑ ደርሷል። ቃሬዛው መሬት ሳይነካ ከትከሻ ወደ ትከሻ እየተላለፈ፣ ከወንበርማ ቆላ ወይም ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ተነስቶ ወደ ቡሬ ይገሰግሳል። ክረምት ሲሆን ወንዙ ይሞላል፣ መረሬው እግር ይይዛል፤ ቢሆንም ጉዞው አይቆምም።

እነዚህ ሰዎች ደረታቸው ላይ ቁጥር አልለጠፉም። ሰዓት የሚይዝላቸውም ሆነ መድረሻው ላይ ሜዳሊያ የሚያጠልቅላቸው የለም። ግን ሩጫ ነው፤ ለሌላ ሰው የሚሮጥ ሩጫ። ተጠርቶ የቀረ ሰው በእድር ይወቀሳል፣ ይቀጣልም፤ ምክንያቱም ነገ እሱም፣ ሚስቱም፣ ልጁም በዚያው አጣና ላይ ሊተኙ ይችላሉ።

ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሰዎች ሰውነታቸውን በፈተና ላይ ጥለው ለተቸገረ ገንዘብ ይሰበስባሉ። አንዱ ማራቶን ይሮጣል፣ ሌላው ተራራ ይወጣል፣ ባሕር ዳር ያደገው ደግሞ በአንድ ቀን ስንት ሞገድ እንደሚጋልብ ይወራረዳል። ወዳጅ ዘመድ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ ሞገድ ገንዘብ ይሰጣል። የዚህ ልማድ ታሪክ ከአንድም ሦስት ጊዜ በኢትዮጵያ በኩል አልፏል። እኔ ታሪኩን የምለካው በቃሬዛው ልክ ነው፤ ይህ ሁሉ ድካም ለሌላው ሰው ስንት መንገድ አሳጠረለት?

የታሪኩ መነሻ፦ በእግር የመጡ ሴቶች

በ1951 ዓ.ም. ሁለት የማህፀንና የጽንስ ሐኪሞች የ6 ዓመት ልጃቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ባልየው የኒውዚላንድ ተወላጅ ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን፣ ሚስትየዋ አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ነበሩ። በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም የገቡት ውል የ3 ዓመት ነበር። እዚህ ሲደርሱ ግን በአገራቸው አይተውት የማያውቁትን ጉዳት አዩ። እናት ምጥ ቀናት ሲቆይባት፣ የሚያዋልዳት ባለሙያ ሳታገኝ ስትቀር፣ የሕፃኑ ጭንቅላት ተጭኖ የቆየበት የእናቲቱ አካል ይሞትና ይቀደዳል። ሽንቷ ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ብዙ ጊዜ ሕፃኑም ሞቶ ይወለዳል። ይህ ፊስቱላ ነው። በኒውዮርክ አካባቢ በሽታው ቀደም ብሎ እየጠፋ ሄዶ ነበር፤ በእኛ ገጠር ግን ሴቶች ከሰው ተለይተው በጓሮ ጎጆ ይኖሩ ነበር።

እነዚያ ሴቶች የሚያክማቸው ሐኪም መኖሩን ሰምተው መጡ። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከሸዋ፣ ከየአቅጣጫው። አንዳንዷ ቀናት በእግሯ ተጉዛ፣ አንዳንዷ ለአውቶቡስ የሚሆን ሳንቲም ለምና፣ ተሳፍራም በሽታዋ ሲታወቅ ውረጂ ተብላ። ከቡሬ እስከ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ በመሐሉ የዓባይ በረሃ አለ። ጤነኛ ሯጭ በምርጥ ጫማ ሊሞክረው የሚፈራውን መንገድ፣ ቁስለኛ ሴት በባዶ እግሯ ትወጣው ነበር። ለበጎ አድራጎት ስለሚደረግ ሩጫ የሚጽፍ ሰው ይህን ጉዞ ማስቀደም አለበት ብዬ አምናለሁ።

ባልና ሚስቱ ውላቸው ሲያልቅ አልሄዱም። በ1967 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ሕክምናው ለሴቶቹ በነፃ ስለሆነ ወጪው የሚሸፈነው በልገሳ ነበር። ለጋሾቹ የሚገኙት ደግሞ ባብዛኛው በሩቅ አገር ነው። ባሕር ማዶ ያለን ሰው ስለማያውቃት ሴት እንዲያስብ ምን ያነሳሳዋል? መልሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ባልተጠበቀ አቅጣጫ መጣ።

አንድ ዶላር፣ አንድ ማርክ

ሚያዝያ 4 ቀን 1972 ዓ.ም. ቴሪ ፎክስ የተባለ ካናዳዊ ወጣት አገሩን ከምሥራቅ ጫፍ እስከ ምዕራብ ጫፍ ሮጦ ሊያቋርጥ ተነሳ። ቀኝ እግሩ በካንሰር ምክንያት ከጉልበቱ በላይ ተቆርጧል። በአንድ እግርና በአንድ ሰው ሠራሽ እግር እያነከሰ፣ በየቀኑ አንድ ማራቶን ያህል፣ ማለትም 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጥ ጀመር። የጠየቀው ነገር ቀላል ነበር፤ እያንዳንዱ ካናዳዊ ለካንሰር ምርምር አንድ ዶላር ብቻ እንዲሰጥ።

በ143 ቀን 5,373 ኪሎ ሜትር ሮጠ። ነሐሴ 26 ቀን ካንሰሩ ወደ ሳንባው መዛመቱ ታውቆ ቆመ። ካናዳውያን ግን ቃሉን አነሱለት፤ በወራት ውስጥ የተሰበሰበው ገንዘብ 24 ሚሊዮን ዶላር አለፈ፤ በዚያን ጊዜው የሕዝብ ቁጥር ለአንድ ሰው አንድ ዶላር መሆኑ ነው። እኛ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የምንለውን፣ አንድ የ22 ዓመት ልጅ በእግሩ አስመሰከረ።

የሚቀጥለው ዓመት፣ 1973 ዓ.ም.፣ ለዚህ ታሪክ የተለየ ዓመት ነው። በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ነገር ተወለደ።

መጋቢት 20 ቀን የመጀመሪያው የለንደን ማራቶን ተካሄደ። ዝናብ ነበር። ከፊት የነበሩት ሁለት ሰዎች፣ አሜሪካዊው ዲክ ቤርድስሊና ኖርዌያዊው ኢንጌ ሲሞንሰን፣ መድረሻው ላይ ለመሸናነፍ አልፈለጉም፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው እኩል ገቡ። ከኋላቸው ከ6,000 በላይ ሰው ጨረሰ፤ አብዛኛው ተራ ሰው ነበር። ይህ ማራቶን ከዚያ ወዲህ ሯጮቹ ለበጎ አድራጎት ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ የሰበሰቡበት ሆኗል።

ግንቦት 8 ቀን ደግሞ በጀርመን ቴሌቪዥን «እንወራረድ» የሚል መንፈስ ባለው ዝነኛ ዝግጅት ላይ የፊልም ተዋናዩ ካርልሃይንስ በም ቀረበ። አባቱ ታላቁ የሙዚቃ መሪ ካርል በም ናቸው። እሱም በ«ሲሲ» ፊልሞች ንጉሠ ነገሥት ፍራንስ ዮሴፍን ሆኖ በመጫወቱ በጀርመንኛ ተናጋሪው ዓለም የማያውቀው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1976 ወደ ኬንያ ሄዶ ከሆቴሉ አጥር ውጭ ያየው ድህነት ግን ከአእምሮው አልወጣም። በዚያ ምሽት ውርርዱን አቀረበ፤ ከተመልካቾቹ ሲሶው እንኳ ለአፍሪካ ድሆች አንድ ማርክ፣ አንድ የስዊስ ፍራንክ ወይም ሰባት የኦስትሪያ ሺሊንግ አይሰጥም አለ። ቢሰጡ ግን ራሱ አፍሪካ ሄዶ ገንዘቡን ሥራ ላይ ሊያውል ቃል ገባ።

የተሰበሰበው 1.2 ሚሊዮን ማርክ ገደማ ነበር። ከተመልካቹ ብዛት አንጻር ሲሶው አልሰጠም፤ ስለዚህ ውርርዱን በም አሸነፈ። ቤቱ ቢቀመጥ ማንም አይወቅሰውም ነበር። እሱ ግን ለሰጡት ሰዎች ሲል ሄደ።

ሰኔ 21 ቀን በሰሜን እንግሊዝ፣ በኒውካስል፣ የቀድሞው የረጅም ርቀት ሯጭ ብሬንዳን ፎስተር ያቋቋመው ታላቁ የሰሜን ሩጫ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን ይዞ ተጀመረ። በዚያው ቀን ቴሪ ፎክስ 23 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው አረፈ። እንግሊዞቹ ሲሮጡ እሱ ሕይወቱ እያለፈ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ የኒውካስሉ ሩጫ ለአዲስ አበባ አርአያ ሆነ፤ የቴሪ ፎክስ ሩጫም በብዙ አገሮች እስከ ዛሬ ይካሄዳል።

አቶ ካርል

በጥቅምት 1974 ዓ.ም. በም ኢትዮጵያ ገባ። በሐረርጌ፣ ባቢሌ አጠገብ ባለ መጠለያ፣ የኦጋዴን ጦርነትና ድርቅ ያፈናቀላቸው አርብቶ አደሮች ነበሩ። ኅዳር 4 ቀን «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። የመጀመሪያው ሥራ የነዚያ ተፈናቃዮች መንደር በኤረር ሸለቆ መመሥረት ነበር፤ ቤት፣ የውሃ ጉድጓድ፣ እርሻ፣ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት። ገበሬው «አቶ ካርል» ይለው ጀመር።

ሥራው ከሐረርጌ ወደ ኢሉባቦር፣ ከዚያም ወደ አማራ ክልል ደረሰ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በመርሐቤቴ ሥራ ተጀመረ። በዓለም ከተማ የተሠራው ሆስፒታል ስሙ «እናት» ነው። መርሐቤቴን የሚያውቅ ሰው ያገሩን አቀማመጥ ያውቃል፤ ገደል፣ ጀማ ወንዝ፣ ዳገት። በዚያ አገር ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ይዞ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ድረስ መድረስ ምን ማለት እንደነበር ቡሬ ላይ ያለ ሰው ሳይነገረው ይገባዋል። በአንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት የተገባ ውርርድ መርሐቤቴ ላይ መንገድ አሳጠረ። ለዚህ ነው በም በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የኢትዮጵያ የክብር ዜግነት ሲሰጠው፣ አዲስ አበባም ውስጥ አደባባይ በስሙ ሲጠራ፣ ሕዝቡ የተገባው ነው ያለው።

በመካከሉ ግን ያ ክፉ ቀን መጣ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከኮረም ያሰራጨው ዘገባ የወሎና የትግራይን ረሃብ ለዓለም አሳየ። ጎጃም በዚያ ዓመት እህል የነበረው አገር ነው። የመተከል አውራጃም ያኔ የጎጃም ክፍለ ሀገር አካል ነበር፤ ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች የተነሱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመተከል ወዳለው የፓዌ ሠፈራ ተወሰዱ። በውዴታቸው የሄዱ ነበሩ፤ ተገደው የተጫኑም ነበሩ፤ በወባና በሌላ በሽታ ያለቁትም ብዙ ናቸው።

ዓለም መጀመሪያ በዘፈን መለሰ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ተካሄደ። ቀጥሎ ተራው የሩጫ ሆነ።

ከሱዳን መጠለያ የተነሳው ችቦ

በግንቦት 1978 ዓ.ም. ሱዳናዊው የ1,500 ሜትር ሯጭ ዑመር ኸሊፋ በአገሩ ካለ የስደተኞች መጠለያ ከእሳት ላይ ችቦ ለኮሰ። ዑመር ከሁለት ዓመት በፊት በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ለፍጻሜ የደረሰ ሰው ነው። ችቦውን ይዞ ወደ አውሮፓ ተሻገረ፤ ከከተማ ከተማ እየሮጠ፣ ከመሪዎች እየተገናኘ አልፎ ኒውዮርክ ገባ። ግንቦት 17 ቀን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ደጃፍ በችቦው እሳት ሲለኩስ፣ በዚያው ሰዓት በ89 አገሮች 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው 10 ኪሎ ሜትር መሮጥ ጀመረ። ዝግጅቱ ስፖርት ኤይድ ይባላል። ሩጫው የተመረጠበት ቀን እንዲያው አልነበረም፤ ከሁለት ቀን በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለ አፍሪካ ቀውስ ልዩ ስብሰባ ሊቀመጥ ነበር። ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ።

ከዚህ ታሪክ የሚነካኝ የመነሻው እሳት ነው። በረሃብ የተሰደዱ ሰዎች ሌሊቱን የሞቁትን እሳት አንድ ጎረቤት አፍሪካዊ ተቀብሎ ዓለምን አሻገረው። የቃሬዛው ሥርዓት ነው፤ አንዱ ይሸከማል፣ ሌላው ይቀበላል።

ይሁን እንጂ ያ ሩጫ ጉድለት ነበረው። ዓለም የሮጠው ስለ አፍሪካ ነው፤ የኢትዮጵያ ገበሬ በሥዕሉ ውስጥ ያለው እጁን ዘርግቶ ብቻ ነበር። ሯጭ የማፍራት ችግር የሌለበት ሕዝብ፣ ከአበበ ቢቂላ ጀምሮ ዓለምን በሩጫ ያስደነቀ ሕዝብ፣ በሌላ ሰው ሩጫ ሲረዳ ነው የታየው። ኢትዮጵያውያን ራሳቸው ለራሳቸው ወገን በአደባባይ የሚሮጡበት ቀን ገና አልመጣም ነበር።

ኅዳር 16 ቀን

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሎምፒክ ኃይሌ ገብረሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በመጨረሻዋ እርምጃ ቀድሞ የ10 ሺህ ሜትር ወርቁን ወሰደ። ልዩነቱ የሰከንድ 9 መቶኛ ነበር። አሰላ አጠገብ ያደገው ኃይሌ በልጅነቱ ትምህርት ቤት የሚሄደው 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ነው። ሲሮጥ ግራ ክንዱን ጠበቅ አድርጎ የሚይዘው ያኔ ደብተር ታቅፎ ይሮጥ ስለነበር እንደሆነ ሁሉም ይናገራል።

ከሲድኒ በተመለሰ በሳምንታት ውስጥ፣ እንደ ኒውካስሉ ያለ ሕዝባዊ ሩጫ በኢትዮጵያ የማዘጋጀት ሐሳብ ተነሳ። በአዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩ እንግሊዛውያን ወዳጆች ሐሳቡን ከኃይሌ ጋር ተነጋገሩበት። የብሬንዳን ፎስተር ሰዎችም ልምዳቸውን አካፈሉ። በአትላንታ ኦሎምፒክ ማራቶን 5ኛ የወጣው ሪቻርድ ኔሩርካር አዲስ አበባ መጥቶ የዝግጅቱን ኃላፊነት ያዘ።

በዚያ ዘመን ሩጫ በኛ አገር የባለሙያ ሥራ ነበር። በማለዳ ቁምጣ ለብሶ የሚሮጥ ሰው ወይ የክለብ አትሌት ነው፣ ወይ ወታደር። የቢሮ ሠራተኛ፣ ነጋዴ፣ እናት፣ ሽማግሌ መንገድ ላይ ይሮጣል ብሎ ያሰበ ጥቂት ነው። የተዘጋጀው 10 ሺህ ቦታ ግን ወዲያው ተሸጦ አለቀ።

እሑድ ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ተካሄደ። ቁጥር ያላገኘውም ሰው ገብቶ ሮጠ። በወንዶች ያሸነፈው ኃይሌ ራሱ ነው፤ በሴቶች ብርሃኔ አደሬ። ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ ኃይሌ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጠው ያህል።

መስቀል አደባባይን በዚያ ማለዳ የቆመበት ሰው አይረሳውም። ከኅዳር ውርጭ ጋር የሰው ትንፋሽ ይጨሳል። ሁሉም አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሷል። አባት ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጧል። መነሻው ሲተኮስ ከፊት ያሉት አትሌቶች እንደ ወፍ ይበራሉ፤ ከኋላ ያለው ሕዝብ ግን ወዲያው መሮጥ አይችልም፣ ያዘግማል፣ ይዘፍናል፣ እስክስታ ይመታል፣ ከዚያ እንደ ክረምት ጎርፍ ቀስ ብሎ መንገዱን ሞልቶ ይወርዳል። ከፍታው ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ዳገቱ ትንፋሽ ይቆርጣል። በየበሩ የቆመ ሰው ውሃ ይረጫል፣ «አይዞህ፣ በርታ!» ይላል። ባሕር የለንም፤ ሞገድ ግን ያየሁት መስቀል አደባባይ ላይ ነው። ያቺ ካናቴራ ደግሞ ከሩጫው በኋላ ታጥፋ አትቀመጥም። ወራት ቆይታ ገበያ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ገጠር ዘመድ ጥየቃ በሄደ ሰው ገላ ላይ ትታያለች።

ሩጫው እያደገ ሄደ። የተሳታፊው ቁጥር ከዓመታት በኋላ 40 ሺህ አለፈ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ «ቅድሚያ ለሴቶች» የተባለው የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶችን አደባባይ አወጣ። ከሁሉ በላይ ግን ሩጫው የልገሳ መንገድ ሆነ። «ለበጎ ዓላማ መሮጥ» በሚል ዘመቻ ከተሳታፊዎችና ከድርጅቶች የሚሰበሰበው ገንዘብ ሕፃናትን፣ ሴቶችንና ሕሙማንን ለሚረዱ አገር በቀል ማኅበራት ይሰጣል። ስፖርት ኤይድ ላይ የጎደለው ነገር ተሞላ፤ የሚሮጠውም የሚረዳውም ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ያጠረው መንገድ

እ.ኤ.አ. በ2005 የሐምሊን ፊስቱላ የመጀመሪያው የክልል ማዕከል በባሕር ዳር ተከፈተ። ለቡሬ፣ ለፍኖተ ሰላም፣ ለጅጋ፣ ለሽንዲ ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር ልናገር። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የነበረው ጉዞ ከቡሬ ሲለካ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረደ። የዓባይን በረሃ መሻገር ቀረ። ከዚያ በኋላ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ተመሳሳይ ማዕከሎች ተከፈቱ። የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅም ተቋቋመ፤ ምክንያቱም ከመቀደድ በኋላ ከመስፋት፣ ቀድሞ በሰላም ማዋለድ ይሻላል። በአውስትራሊያ፣ በእንግሊዝና በሌሎችም አገሮች ስማቸው የማይታወቅ ሰዎች ሮጠው፣ ተራምደው፣ ብስክሌት ነድተው ለዚህ ሥራ ገንዘብ ሰብስበዋል። ከነሱ አብዛኛው ጎጃምን በካርታ እንኳ አያውቀውም። ግን ቃሬዛውን በአንድ በኩል ይዘዋል።

ልማዱም በየአገሩ መልኩን እየለወጠ ቀጠለ። በካሊፎርኒያዋ ሳንዲያጎ፣ በሳንቃ ላይ ቆመው የባሕር ሞገድ የሚጋልቡ ሰዎች በአንድ ቀን 100 ሞገድ ለመያዝ ቃል እየገቡ፣ ያለ አባት ለሚያድጉ ታዳጊ ወንዶች ገንዘብ ይሰበስባሉ። ከማለዳ እስከ ማታ ጨዋማ ውሃ ውስጥ መዋል ነው፤ ከመቶኛው ሞገድ በፊት ክንድ ይዝላል። እዚያ ሞገድ ይቆጠራል፣ እዚህ ኪሎ ሜትር፣ ካናዳ ውስጥ ዶላር። ሁሉም አገሩ የሰጠውን ይቆጥራል እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ደካማው እንዳይወድቅ ጠንካራው ይደክማል።

ግንቦት 21 ቀን 2006 ዓ.ም. ካርልሃይንስ በም በ86 ዓመቱ አረፈ። መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ካትሪን ሐምሊን በ96 ዓመታቸው አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። ለ3 ዓመት መጥተው 60 ዓመት ኖሩ። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ያከሟቸው ሴቶች ከ60 ሺህ ይበልጣሉ። በዚያው ዓመት ኮሮና ዓለምን ዘጋ፤ በኅዳር መካሄድ የነበረበት ታላቁ ሩጫም ተላልፎ ጥር 2 ቀን 2013 ዓ.ም. ከወትሮው ባነሰ ሰው ተካሄደ። ግን ተካሄደ።

ለቡሬ ሰዎች

ይህን ሁሉ የጻፍኩት በመጨረሻ አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው።

በየጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ የሚባል ክፍል አለ። ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ከሩቅ ቀበሌ መጥታ ምጧን የምትጠብቅበት ነው። ሐሳቡ እጅግ ቀላል ነው፤ ምጥ ሲመጣ ቃሬዛ ከመሯሯጥ፣ ቀድሞ አጠገብ መገኘት። ይህ ክፍል የሚፈልገውም ቀላል ነው። አልጋና ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ የገንፎ እህል፣ ቅቤ፣ ቡና፣ ማገዶ፣ ውሃ። እነዚህ ከሌሉ ሴቲቱ አትቆይም፤ ቤቷ ትመለሳለች፣ ሌሊት ምጥ ይይዛታል፣ አጣናው ይፈለጋል።

ቡሬና ፍኖተ ሰላም ሯጭ አላጡም። አውራ ጎዳናው ዳር ማለዳ ማለዳ ደብተር ይዘው የሚሮጡ ልጆች አሉ። ለጋስም አላጡም። የበርበሬና የበቆሎ ነጋዴ አለ፣ ፋብሪካ አለ፣ አዲስ አበባና ባሕር ማዶ የሚኖር ተወላጅ አለ። የጎደለው ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ቀን ነው። ሰላም በሆነ አንድ እሑድ፣ መኸር ተሰብስቦ ገበሬው ፋታ ሲያገኝ፣ 5 ኪሎ ሜትር ይሮጥ። ተማሪው ይሩጥ፣ ነርሷ ትሩጥ፣ ሽማግሌው ያዝግም። ነጋዴው ለእያንዳንዱ ሯጭ ያቅሙን ይስጥ። እህል ያለው በቁና ያምጣ። የተሰበሰበው እያንዳንዱ ብር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ምን ያህል ገባ፣ ስንት ፍራሽ ተገዛ፣ የት ማቆያ ደረሰ። ሕዝብ ገንዘቡ የት እንደደረሰ ሲያይ በሚቀጥለው ዓመት ሳይጠራ ይመጣል።

ቴሪ ፎክስ አንድ ዶላር ጠየቀ፣ በም አንድ ማርክ ጠየቀ። እኛ አንድ ቁና እህልና 5 ኪሎ ሜትር እንጠይቅ። ቃሬዛ መሸከም ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ የምናውቀውን ደግ ሥራ ቀድመን መጀመር ብቻ ነው። በሚቀጥለው ክረምት አንዲት እናት በሞላ ወንዝ ላይ በአጣና መሻገሯ ቀርቶ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ምጧን ከጠበቀች፣ ሩጫው ግቡን መቷል።